ልጅ ያቦካው ለራት ይበቃል

ስለ ሠፈራችን ትምህርት ቤት የሳይንስ ትርዒት በማኅበራችን የወላጆች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



በቅድሚያ ስለ ልጆቻችን የሳይንስ ትርዒት ጥቂት ቃል እንድናገር ለጋበዘኝ የማኅበራችን ኮሚቴ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁኝ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ። ከዚያም ወዲህ በየትምህርት ቤቱ ለሚደረገው የልጆች ትርዒት ዳኛ ሁን እየተባልኩ እጠራለሁ። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ በጠረጴዛዎቹ መካከል ስዘዋወር ካየሁት ነው።

ትርዒቱ አንድ ወር ቀርቶታል። ከ4ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያሉት ልጆቻችን ይካፈላሉ። በየቤታችሁም «እማዬ፣ ካርቶን አለሽ?»፣ «አባዬ፣ ሽቦ ግዛልኝ» የሚለው ነገር ሳይጀመር አልቀረም። እንግዲህ በዚህ በአንድ ወር ውስጥ እኛ ትልልቆቹ ምን ማድረግ እንዳለብን፣ ምንስ ማድረግ እንደሌለብን እንነጋገር።

በመጀመሪያ ትርዒቱ ምን እንደሆነ ልናገር። አንዳንዶቻችን የሳይንስ ትርዒት ሲባል ያማረ ዕቃ ሠርቶ ማሳየት ይመስለናል። ያማረ ነገር ቢኖር በርግጥ አይጠላም። ነገር ግን አስተማሪዎቹ ከልጁ የሚፈልጉት ይኸን ነው፤ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ መልሱ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ ይገምታል፤ ግምቱን በሙከራ ይፈትናል፤ ያየውን ቀን በቀን በደብተሩ ይመዘግባል፤ በመጨረሻም ጠረጴዛው ፊት ቆሞ ለጠየቀው ሰው ሁሉ በራሱ አንደበት ያስረዳል። አምስት ነገር ነው፤ አምስቱም የልጁ ሥራ ነው።

ሙከራ የሚባለውም ደንብ አለው። አንድ ነገር ብቻ ተለውጦ ሌላው ሁሉ እኩል መሆን አለበት። ለምሳሌ ሁለት ባለሙያ እናቶች ወጥ ሠርተው «የማን ይጣፍጣል?» ብንል፣ አንዷ በቅቤ ሌላዋ በዘይት፣ አንዷ በከሰል ሌላዋ በኤሌክትሪክ ምድጃ ከሠሩት፣ ልዩነቱ ከቅቤው ይምጣ ከእሳቱ ልናውቅ አንችልም። የቅቤውን ነገር ለማወቅ ሽንኩርቱም፣ በርበሬውም፣ እሳቱም፣ ድስቱም አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ይህን ለልጅ አንዴ በወጥ ምሳሌ ከነገሩት አይረሳውም።

በአንድ ትምህርት ቤት፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ ጎን ለጎን የነበሩ ሁለት ጠረጴዛዎች እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፉም። በአንደኛው ላይ ባለ ሁለት ፎቅ የካርቶን ቤት ነበር። በየክፍሉ አምፖል በርቷል፤ ሰውም ሁሉ ከቦታል። ልጁን «ይኼ ሽቦ ቢነቀል የትኛው አምፖል ይጠፋል?» አልኩት። ልጁ ዞር ብሎ አባቱን አየ። አባትየውም ፈጠን ብለው መለሱልኝ፤ መልሳቸውም ትክክል ነበር። ምን ይደረግ፣ ተወዳዳሪው እሳቸው አልነበሩም! ልጁም እኮ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ሽቦውን እንዲነካ የፈቀደለት ሰው አልነበረም።

በሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ሁለት የቲማቲም ጣሳ ብቻ ነበር። አንዲት የ5ኛ ክፍል ልጅ በየጣሳው አሥር አሥር ባቄላ ዘርታ፣ አንደኛውን መስኮት ላይ፣ ሁለተኛውን ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጣ፣ እኩል ውኃ እያጠጣች በየቀኑ በማስመሪያ ስትለካ ሰንብታለች። ግምቷ «ብርሃን ያላገኘው አጭር ይሆናል» የሚል ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። በጨለማ የበቀለው ረዘመ፤ ብቻ ቀጭንና ቢጫ ነበር። ይህን ያየ አንድ ትልቅ ሰው «ተሳስተሻል፤ በጣሳዎቹ ላይ የለጠፍሽውን ወረቀት አቀያይሪውና ይስተካከልልሽ» ብሎ መክሯት ኖሯል። ልጅቱ ግን «ያየሁት እንዲህ ነው» ብላ እንዳለ አቀረበችው።

ልክ የነበረችው ልጅቱ ናት። በጨለማ የበቀለ ዘር ብርሃን ፍለጋ ግንዱን ያስረዝማል። ለዚህም የሚጠቀመው በራሱ በባቄላው ክክ ውስጥ የተከማቸውን ምግብ ነው። ያ ስንቅ እስኪያልቅ ብርሃን ካላገኘ ጠውልጎ ይሞታል። ቢጫ የሆነውም አረንጓዴውን ቀለም ለመሥራት ብርሃን ስለሚያስፈልገው ነው። ወረቀቱን ብታቀያይረው ኖሮ ይህን ሁሉ ማንም አይጠይቃትም፣ እሷም አታውቀውም ነበር። ከዚህም የከፋው ደግሞ ያላዩትን አየሁ ማለት የተፈቀደ ነው ብላ ማደጓ ነው። ግምት ቢሳሳት ነውር የለበትም። መዝገቡ ውሸት ከሆነ ግን ሙከራው ሁሉ ከንቱ ነው። ይህን ለልጆቻችን ደጋግመን እንንገራቸው፤ እኛም እንደዚያ መካሪ እንዳንሆን እንጠንቀቅ።

«ታዲያ በጣሳና በባቄላ ምን ቁም ነገር ይገኛል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ለዚህ የራሳችንን አገር ሰው ልጥቀስ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አድዋ አካባቢ ቢልሃርዝያ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ያጠኑ ነበር። በወንዙ ዳር ሰዎች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ዶክተሩም ከማጠቢያው በታች ባለው ውኃ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከማጠቢያው በላይ ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። እንዶድ ለእናቶቻችን ከጥንት የታወቀ የልብስ ማጠቢያ ነው። አረፋው ወደ ታች ሲወርድም ስንት ሰው አይቶት አልፏል። እሳቸው ግን «ከታች ያሉት ብቻ ለምን ሞቱ?» ብለው ጠየቁ። በሕይወት ያሉትን ሰብስበው የእንዶድ አረፋ ቢያስነኳቸው እነዚያም ሞቱ። ከዚያም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ምርምሩን ለብዙ ዓመታት ገፉበት። በ1989 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሁለቱም «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

እስቲ አስተያዩት። የሳቸው ነገር ከማጠቢያው በላይና ከማጠቢያው በታች ነው፤ የልጅቱ ነገር መስኮት ላይና ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። መንገዱ አንድ ነው። ሁለት ቦታ ማየት፣ ልዩነቱን መጠየቅ፣ ከዚያም መሞከር። የትምህርት ቤቱ ትርዒት ይህን መንገድ በልጅነት ማስለመጃ ነው።

አሁን ወደ የቤታችን እንምጣ። ገንዘብ የማይጠይቁ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ሊሠሩ የሚችሉ አራት ሙከራዎች እነሆ።

1ኛ/ የእንጨት ጥላ። ልጁ ቀጥ ያለ እንጨት ደልዳላ መሬት ላይ ይትከል። ፀሐይ ባለችበት ቀን ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ በየአምስት ደቂቃው የጥላው ጫፍ የደረሰበት ላይ ጠጠር ያስቀምጥ፤ ርዝመቱንም ለክቶ ይጻፍ። ጥላው ከሁሉ የሚያጥረው ልክ በስድስት ሰዓት ይመስለዋል፤ ሲለካው ግን ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሆኖ ያገኘዋል። ምክንያቱም የአገራችን ሰዓት የተቀመረው በ45 ዲግሪ የኬንትሮስ መስመር ሲሆን፣ አዲስ አበባ ያለችው ከዚያ ወደ ምዕራብ ራቅ ብላ 39 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ፀሐይ ከአንዱ ዲግሪ ወደ ሌላው ለመድረስ አራት ደቂቃ ይፈጅባታል፤ ለስድስቱ ዲግሪ 24 ደቂቃ መሆኑ ነው። ደቂቃው እንደ ወሩ ከፍ ዝቅ ይላል። ሌላም አለ፤ በአብዛኛው ዓመት የቀትር ጥላችን ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ግን ወደ ደቡብ ይዞራል። ይህን በዓይኑ ያየ ልጅ ስለ መሬትና ስለ ፀሐይ ሲማር ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

2ኛ/ የሚፈላ ውኃ። ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን ተምረናል፤ ይህ በባሕር ወለል ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፤ ውኃውን የሚጫነውም ኃይል ያንሳል። ስለዚህ እኛ ዘንድ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባቄላውና ሽምብራው ከቆላ አገር ይልቅ እኛ ዘንድ እሳት የሚፈጀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ልጁ አንድ ጣሳ ሽምብራ ሌሊቱን ዘፍዝፎ፣ ሌላ አንድ ጣሳ ሳይዘፈዝፍ፣ በእኩል ውኃና በእኩል እሳት ቢያስቀቅልና ሰዓቱን ቢመዘግብ ጥሩ ሙከራ ይወጣዋል። የውኃውን ሙቀት መለካት ከፈለገ መለኪያውን ከትምህርት ቤቱ ይዋስ። የትኩሳት መለኪያ እስከ 42 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ በሚፈላ ውኃ ይሰበራልና አደራ! እሳቱን የሚይዘው ሁልጊዜ ትልቅ ሰው ይሁን።

3ኛ/ ሊጥ። እኩል ዱቄት፣ እኩል ውኃና እኩል እርሾ የገባበት የዳቦ ሊጥ በሦስት ብርጭቆ ይደረግ። አንዱ ሙቀት ባለበት፣ አንዱ ጠረጴዛ ላይ፣ አንዱ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ ፍሪጅ የሌለን ደግሞ ብርጭቆውን በቀዝቃዛ ውኃ ሳፋ ውስጥ እናቁመው። በየግማሽ ሰዓቱ ሊጡ የደረሰበት ላይ በእስክሪብቶ መስመር ይሰመር። እርሾው ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ስኳሩን እየተመገበ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን አየር ያወጣል፤ ሊጡን የሚነፋውም ያ ነው። እናቶች በብርድ ጊዜ ሊጡን በጋቢ የሚጠቀልሉት ለምን እንደሆነ ልጁ በመስመሮቹ ያስረዳናል።

4ኛ/ የሽፈራው ፍሬ። ሽፈራው በኮንሶ ቅጠሉ እንደ ጎመን የሚበላ ዛፍ ነው። ፍሬው ተልጦና ተወቅጦ በድፍርስ ውኃ ውስጥ ሲማሰል ጭቃውን አሰባስቦ ወደ ታች ያዘቅጠዋል። ሁለት ጠርሙስ ከአንድ ባልዲ ድፍርስ ውኃ ይሞላ፤ ባንዱ ዱቄቱ ይግባ፣ ሌላው እንዲሁ ይቀመጥ፤ የትኛው ፈጥኖ እንደሚጠራ በሰዓት ይታይ። ብቻ የጠራ ውኃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም፤ ጀርም ሊኖርበት ስለሚችል ይህን ውኃ ማንም አይጠጣውም። ልጁም በካርቶኑ ላይ በትልቁ «አይጠጣም» ብሎ ይጻፍ።

ስለ አደጋ ካነሳሁ አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። መብራት የሚፈልግ ሥራ ቢኖር በባትሪ ድንጋይ ይሁን፤ አንዱ 1.5 ቮልት ብቻ ነው። የግድግዳው ሶኬት 220 ቮልት ስለሆነ ልጅ በምንም ምክንያት አይነካካው። በረኪናን ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋር መቀላቀል መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ስለሚያስወጣ ክልክል ነው። ሻጋታ የሚመረምር ልጅም ምግቡን በግልጽ ላስቲክ አሽጎ ይመልከተው እንጂ አይክፈተው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ እኛ ወደ ወላጆች ልመለስ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላል ተረታችን። ለእንጀራው እውነት ይሆናል። በሳይንስ ትርዒት ግን ለራት የሚቀርበው ያው ልጁ ያቦካው ነው። ጎባጣ ይሁን፣ ፊደሉ ይንጋደድ፣ ካርቶኑ በአንድ በኩል ይዝመም፣ የራሱ ከሆነ በቂ ነው። በየዓመቱ ግን ለባለሙያ ገንዘብ ከፍለን ሠርተን የምናመጣ ወላጆች እየበዛን ሄደናል። ይህ ሁለት ልጆችን ይጎዳል። አንደኛ የራሳችንን ልጅ፣ ምክንያቱም «የኔ ሥራ ለሰው ዓይን አይበቃም» ብሎ ይማራል። ሁለተኛ የጎረቤታችንን ልጅ፣ ምክንያቱም ጣሳውን ይዞ መጥቶ ያን ፎቅ ሲያይ ጣሳውን ከጀርባው ይደብቃል። በበነጋው ዓመት «አልካፈልም» የሚለው ያ ልጅ ነው። እንዲህ አድርጎ ስንት ጠያቂ ልጅ እንደሚቀርብን አስቡት።

ታዲያ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ ማለቴ አይደለም። ልጁ ሥራውን ሲያሳየን ሦስት ጥያቄ እንጠይቀው፤ «ምን አየህ? በምን አወቅህ? አንዱን ነገር ብትለውጠውስ?» መልሱን ብናውቀውም እንኳ ቶሎ አንናገርበት። ሙከራው ሳይሳካ ቢቀር አንቆጣ፤ ያልበቀለውም ዘር በደብተሩ ይጻፍ። ምላጭና እሳት የሚነካውን ብቻ እኛ እንሥራለት፤ ሌላውን ለሱ እንተውለት።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር። በብዙ ቤት ወንዱ ልጅ ለትርዒቱ ሲዘጋጅ እኅቱ ዕቃ ታጥባለች፣ ሕፃን ታዝላለች፣ ውኃ ትቀዳለች። እሷም የዚያው ክፍል ተማሪ ናት፤ እሷም ጥያቄ አላት። በዚህ በአንድ ወር ውስጥ ቢያንስ በቀን አንድ ሰዓት «ይኼ ያንቺ ጊዜ ነው» ብለን እንስጣት። ወንድሟ ዕቃ ቢያጥብ እጁ አይሟሟም።

ከማኅበራችን ደግሞ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ በማኅበሩ ቢሮ በር አጠገብ አንድ ትልቅ ሣጥን ይቀመጥ። ባለ ሱቆች ባዶ ካርቶን፣ ልብስ ሰፊዎች ቁራጭ ጨርቅና ክር፣ አናጢዎች ቁርጥራጭ እንጨት፣ ሁላችንም የታጠበ ጣሳና ጠርሙስ እንጣልበት። ማንኛውም ልጅ የማን ልጅ ነህ ሳይባል የሚፈልገውን ይውሰድ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ በመካከላችን የባለሙያ ድርቅ የለም። ነርስ አለ፣ መካኒክ አለ፣ ዳቦ ጋጋሪ አለ፣ ጠላ ጠማቂ እናት አለች። ገብስ አብቅላ ብቅል የምታወጣ እናት ስለ ዘር አበቃቀል የምታውቀው ቀላል አይደለም። ልጆች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጥተው ሊጠይቋቸው ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎች ስማቸውን ለጸሐፊው ያስመዝግቡ። ለመጠየቅ ብቻ ነው፤ ሥራውን እንዲሠሩላቸው አይደለም።

ሦስተኛ፣ ከትርዒቱ በፊት ባለው ዓርብ ማታ ይኸው አዳራሽ ለልጆቹ ይከፈትላቸው። እያንዳንዱ ልጅ ሥራውን ዘርግቶ ለጎረቤት ያስረዳ፤ ጎረቤትም ይጠይቀው። በመንደሩ ሰው ፊት አንዴ የተናገረ ልጅ በማግሥቱ ዳኛ ፊት አይንተባተብም።

እናንተ ከኋላ ያላችሁ ልጆች፣ ለእናንተም ጥቂት ቃል አለኝ። ደብተራችሁን ከዛሬ ጀምሩ፤ በየገጹ ራስጌ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። የተሳሳታችሁትን በአንድ መስመር ሰርዙት እንጂ ገጹን አትቅደዱ፤ የተሰረዘውም ይነበባል። ካርቶናችሁን በሦስት አጥፋችሁ አቁሙት፤ በግራ ጥያቄያችሁንና ግምታችሁን፣ በመካከል የሠራችሁትንና የለካችሁትን፣ በቀኝ ያገኛችሁትን ጻፉበት። ፊደሉ ሁለት ሜትር ላይ ለቆመ ሰው ይታይ። ዳኛው የማታውቁትን ነገር ቢጠይቃችሁ «አላውቅም፤ ግን እንዲህ አድርጌ ልሞክረው እችላለሁ» በሉ። ይህን መልስ ከልጅ የሰማሁ ቀን ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ።

በመጨረሻም፣ ሣጥኑ ከነገ ጠዋት ጀምሮ በሩ ላይ እንደሚቀመጥ ሊቀመንበሩ አሁን ነግረውኛል። ስትመጡ ባዶ እጃችሁን አትምጡ።